የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር፦ የመኪናችንን ብክለት ስለመቀነስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መኪና የምነዳ ሰው ነኝ። ስለዚህ «ሽጡትና በእግር ሂዱ» የሚል ስብከት እዚህ አታገኙም። መኪና ግን ጭስ ብቻ አይደለም የሚያወጣው። ዘይት ያንጠባጥባል፣ የጎማ ብናኝ ይዘራል፣ የማቀዝቀዣ ጋዝ ያፈሳል። ደግነቱ አብዛኛውን ያለ ብዙ ወጪ መቀነስ ይቻላል። ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። አንዳንዱን በሁለት መስመር አልፈዋለሁ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ወሬዬ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

አንድ ሊትር ነዳጅ ሲቃጠል ምን ያህል ብክለት ይወጣዋል?

ቤንዚን ከሆነ 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ናፍጣ ከሆነ ከ2.6 ኪሎ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያቋርጠኛል። «ቆይ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ራሱ አንድ ኪሎ አይሞላም። ከሁለት ኪሎ በላይ ጋዝ ከየት መጣ?» ልክ ነው፤ አንድ ሊትር ቤንዚን የሚመዝነው ሦስት ሩብ ኪሎ ገደማ ነው። ቀሪው የሚመጣው ከአየሩ ነው። ነዳጁ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ሲቃጠል ሁለት የኦክስጅን አቶሞች ከአየር ይዞ ይወጣል። ኦክስጅን ደግሞ ከካርቦን ይከብዳል። 40 ሊትር ቀድታችሁ ስትጨርሱ ከ90 ኪሎ በላይ ጋዝ ወደ ሰማይ ልካችኋል ማለት ነው። በጆንያ ተሞልቶ ደጃችን ላይ ቢራገፍ ኖሮ እንጮህ ነበር።

ካርቦን ዳይኦክሳይድን አጣርቶ የሚያስቀር ዕቃ መኪናችን ላይ የለም። እሱን የምንቀንሰው ትንሽ ነዳጅ በማቃጠል ብቻ ነው። ሌሎቹን መርዞች ግን፣ ማለትም ካርቦን ሞኖክሳይዱን፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶቹንና በከፊል ተቃጥሎ የሚወጣውን ነዳጅ፣ የሚያከሽፍ ዕቃ አለ። ወደ እሱ ልምጣ።

በጣም የሚበክለው የትኛው ጉዞ ነው? ረጅሙ መሆን አለበት አይደል?

በጠቅላላ ነዳጅ ካሰባችሁት፣ አዎ። በኪሎ ሜትር ካሰባችሁት ግን ከሁሉ የከፋው አጭሩ ነው። ከአጭሩም ውስጥ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር።

ጭሱ ከሞተሩ ወጥቶ ማርሚታው ጋ ሳይደርስ ካታሊቲክ ኮንቨርተር በሚባል ቆርቆሮ ውስጥ ያልፋል። ሆዱ የማር እንጀራ የመሰለ ሴራሚክ ነው። ቀዳዳዎቹ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብተዋል። መርዛማው ጭስ በእነዚያ ቀዳዳዎች ሲያልፍ ወደ ውኃ ተን፣ ወደ ናይትሮጅንና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀየራል። ግሩም ዕቃ ነው። አንድ ጠባይ ብቻ አለው፤ ካልሞቀ አይሠራም። በወጉ ሥራ የሚጀምረው ሙቀቱ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ነው።

በዚያ ላይ በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ነዳጅ በደንብ አይተንም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ጨመር አድርጎ ይረጭለታል። ዘይቱም ገና ወፍራም ስለሆነ ሞተሩ ይከብደዋል። ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል፤ ያውም ጭሱ ሳይጣራ።

ራሳችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። ሌሊቱን ውጭ ያደረ መኪና ጠዋት ሲነሳ ከኋላው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ማርሚታው ውኃ ያንጠባጥባል። ጥሬ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ዓይን ይቆጠቁጣል። ያው መኪና ሩብ ሰዓት ተነድቶ ሲመለስ ሽታው የለም ማለት ይቻላል። ነዳጁ ያው፣ ሞተሩ ያው።

እኔ በእግር ስምንት ደቂቃ ወደሚያስኬድ ቦታ ለዓመታት በመኪና ተመላልሻለሁ። ሄጄ አጠፋለሁ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አስነስቼ እመለሳለሁ። ያ ቆርቆሮ አንድም ቀን በወጉ ሳይሞቅ! አሁን በእግር የሚደረስበትን በእግሬ እሄዳለሁ። ሦስት ጉዳይ ካለኝ ደግሞ በሦስት ቀን አልከፋፍለውም፤ በአንድ ዙር እጨርሰዋለሁ። መጀመሪያ ወደ ሩቁ መሄድ ይሻላል፤ ሞተሩ በደንብ ይሞቃል። ቅርብ ቅርቡን ስትመለሱ አዳርሱት። በየመሃሉ ትንሽ ብታጠፉት እንኳ ሙቀቱ ቶሎ አይለቀውም።

ጠዋት ሞተሩን ስንት ደቂቃ ላሙቀው?

አታሙቁት። አስነሱ፣ ቀበቶ እሰሩ፣ ሂዱ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ሞተሩን ሳታስጮሁ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ሞተር ቆሞ ሲሞቅ ቀስ ብሎ ነው፤ እየተነዳ ግን ቶሎ ይሞቃል።

«አሥር ደቂቃ አሙቀው» የሚለው ምክር ከካርቡራተር (ነዳጅን ከአየር ጋር የሚቀላቅል የድሮ ዕቃ) ዘመን የወረስነው ነው። ያኔ እውነት ነበር። ካርቡራተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ሞተሩ መንገድ መሃል ላይ ቀጥ ይል ነበር። ዛሬም ካርቡራተር ያለው አሮጌ መኪና የምትነዱ ከሆነ ትንሽ ታገሱት። መስታወቱ በረዶ ወይም ጉም ከያዘም እስኪጠራ መጠበቅ ግድ ነው፤ ሳያዩ አይነዳም።

ሰው ስጠብቅ ሞተሩን ላጥፋው? ማስነሳቱ ይበልጥ ነዳጅ አይፈጅም?

አይፈጅም። የሞቀን ዘመናዊ ሞተር ለማስነሳት የሚያስፈልገው ነዳጅ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ በ10 ሰከንድ ገደማ የሚፈጀውን ያህል ነው። ከዚያ በላይ የምትቆሙ ከሆነ አጥፉት። ቆሞ የሚሠራ መኪና እንደ ሞተሩ መጠንና እንደ ኤሲው በሰዓት ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ይጨርሳል። ኪሎ ሜትሩ ደግሞ ዜሮ ነው።

ቀስ እያለ በሚንቀሳቀስ የመኪና ሰልፍ ውስጥ ግን በየደቂቃው ቁልፍ አታዙሩ። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑም አጋዥ ጉልበት ይደክማል። ራሱ የሚያጠፋና የሚያስነሳ ሲስተም ከተገጠመለት ለእሱ ተዉለት። እኔ የምለው ስለ ት/ቤት በር፣ ስለ ባንክ ደጃፍ፣ «አንድ ደቂቃ፣ መጣሁ» ተብሎ ሃያ ደቂቃ ስለሚጠበቅበት ቦታ ነው። በተለይ የት/ቤት በር። የሕፃናት አፍንጫ ለማርሚታ ቅርብ ነው።

ፍጥነት ስቀንስ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል?

በጣም። ከተማ ውስጥና ከከተማ ውጭ ግን ምክንያቱ ይለያያል።

ከከተማ ውጭ ጠላታችን አየር ነው። የአየር ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም፤ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ከ80 ወደ 120 ስትሄዱ ፍጥነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ሆነ፤ መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋው አየር ግን ሁለት እጥፍ ከሩብ ሆነ። መስኮት ከፍታችሁ እጃችሁን ብታወጡ ትረዱት ነበር፤ ግን አታውጡ።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ጠላታችን የገዛ እግራችን ነው። ታውቁታላችሁ፣ አረንጓዴ ሲበራ ተወርውሮ የሚያልፋችሁ መኪና አለ። በሚቀጥለው ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ያንን ያህል ነዳጅ ያቃጠለው እናንተን በአንድ መኪና ርዝመት ለመቅደም ነው። ፍሬን በያዘ ቁጥር ደግሞ የከፈለበትን ጉልበት የፍሬን ዲስክ ማሞቂያ ያደርገዋል። የፍሬን ሸራው እየተፈጨ ጥቁር ብናኝ ሆኖ ቸርኬው ላይ ይቀራል፤ ሲበዛም ሳንባችን ውስጥ። በእንዲህ ዓይነት ጭንቅንቅ መንገድ ላይ ችኩል አነዳድ የነዳጅ ፍጆታን ከ10 በመቶ ጀምሮ ወደ ላይ ያበላሻል። ቀይ መብራቱን ከሩቅ ካያችሁ እግራችሁን አንሱ። ብዙ ጊዜ ሳትቆሙ አረንጓዴው ይበራላችኋል።

ቁልቁለት ላይ ኒውትራል አድርጌ ብሄድ እቆጥባለሁ?

አትቆጥቡም። ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ዘመናዊው ሞተር ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ይዘጋዋል፤ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ኒውትራል ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። አደጋውም አለ። ሞተሩ መኪናውን ስለማይይዝላችሁ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬን ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይግልና አልይዝ ይላል።

የጎማ ንፋስ ይህን ያህል ወሳኝ ነው?

ብቻውን ተአምር አይሠራም። አራቱም ጎማዎች በአማካይ አንድ ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ የሚለካበት አሃድ) ሲጎድሉ ፍጆታው የሚጨምረው 0.2 በመቶ ያህል ነው። ግን ምንም የማያስከፍል ነገር ስለሆነ መተዉ ያናድዳል። ንፋስ የጎደለው ጎማ ጠርዝ ጠርዙ ቶሎ ያልቃል፤ ያለቀው ጎማ ደግሞ የትም አልሄደም፣ አፈርና ወንዝ ውስጥ ነው ያለው።

ንፋስ የሚሞላልኝ ሰው ጎማውን በጫማው ረገጥ ረገጥ አድርጎ «በቂ ነው፣ ድንጋይ ሆኗል» ይለኝ ነበር። እኔም አምኜ እሄድ ነበር። አንድ ቀን የራሴን መለኪያ ገዝቼ ለካሁ። 32 መሆን የነበረበት ሦስቱ ላይ ከ25 በታች ሆኖ አገኘሁት፤ አራተኛው ደግሞ 38። በዓይን ሲታዩ አራቱም አንድ ናቸው። የዛሬ ራዲያል ጎማ ንፋሱ ሳይጎድልም ጎኑ ወጣ ያለ ስለሚመስል ዓይን አይለየውም፣ ጫማም አይመዝነውም።

ትክክለኛው ቁጥር የተጻፈው በሹፌሩ በር በኩል ባለው ምሰሶ ላይ ነው። በሩን ስትከፍቱ የተለጠፈ ወረቀት ታያላችሁ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን አትከተሉ፤ እሱ ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ነው። ስትለኩ ጎማው ቀዝቃዛ ይሁን። በወር አንድ ጊዜ ይበቃል።

ጣሪያ ላይ ያለው ፖርቶ መጋላና ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለው ዕቃስ?

ፖርቶ መጋላውን ካልተጠቀማችሁበት አውልቁት። ባዶውንም ቢሆን አየር ይይዛል፤ ያ የሚያፏጭ ድምፅ ነዳጃችሁ ነው። ጭነት ደግሞ 45 ኪሎ ገደማ ሲጨምር ፍጆታው አንድ በመቶ አካባቢ ያድጋል፣ መኪናው ትንሽ ከሆነ ይብሳል። መለዋወጫ ጎማችሁንና ክሪካችሁን ግን አታውጡ!

ኤሲ ይሻላል ወይስ መስኮት መክፈት?

ቀስ ስትሉ መስኮት፣ ስትፈጥኑ ኤሲ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ መስኮቶቹን ከፍታችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ንዱ። የታመቀው ሙቀት ይውጣ፤ ኤሲው ከዚያ በኋላ ይሥራ። ጥላ ውስጥ ማቆም ከሁሉም ይሻላል።

ከኤሲው ነዳጅ ይልቅ ብዙ ሰው የማያስበው ጋዙን ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ያለው ጋዝ አር-134ኤ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ኦዞንን የሚጎዱ ጋዞችን ሲያግድ የተተካው እሱ ነው። ኦዞንን አይጎዳም። አየርን በማሞቅ ግን አንድ ኪሎው ከ1,300 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አያንስም። አንድ የቤት መኪና ውስጥ ግማሽ ኪሎ አካባቢ አለ እንበል። እሱ ቢያመልጥ 280 ሊትር ቤንዚን እንደማቃጠል ነው፤ 40 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሰባት ጊዜ። ስለዚህ ኤሲያችሁ በየዓመቱ «ጋዝ አለቀበት» ከተባለ ተጠራጠሩ። ጋዝ አይበላም፣ አይጠጣም፤ ያፈስሳል። መጀመሪያ የሚያፈስበት ይፈለግ፣ ይጠገን፣ ከዚያ ይሞላ። «ሙላልኝና ልሂድ» የሚሉት ነገር በየዓመቱ እየከፈሉ አየር ላይ መልቀቅ ነው።

የጭሱ ቀለም ምን ይነግረኛል?

ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በዝቷል ወይም አየር አንሷል። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካልጠፋ የራዲያተር ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ላይ ለአጭር ጊዜ የሚታየው ነጭ ግን ተን ነው፤ አትደንግጡ።

ጭስ ሳይታይ ቼክ ኢንጂን የሚለው መብራት ከበራም ችላ አትበሉት። የኦክስጅን ሴንሰር ሲበላሽ ኮምፒውተሩ ነዳጅ በግምት መስጠት ይጀምራል፤ ብክነቱም ከባድ ነው። መብራቱን በፕላስተር የሸፈነ ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልናገርም፤ ዘመዴ ነው።

ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን አስነቅለው፣ መኪናው ይቀለዋል ይሉኛል። እውነት ነው?

ካልተደፈነ በቀር አይቀለውም። ተደፍኖ ከሆነ ደግሞ የሚደፍነው ምክንያት አለ፤ ብዙ ጊዜ ዘይት የሚያቃጥል ወይም አሳምሮ የማያቃጥል ሞተር ነው። ካንዴላው ይታይ፣ ሞተሩ ይጠገን። ዕቃው ሲነቀል መርዙ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ሹፌሩም ከኋላው የሚመጣውም ይተነፍሰዋል።

ይህ ዕቃ አንድ ታሪካዊ ውለታ አለው። እርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረት) የተቀላቀለበት ቤንዚን ስለሚመርዘው፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1975 ሞዴል ጀምሮ በስፋት መገጠም ሲጀምር እርሳስ የሌለበት ቤንዚን የግድ ሆነ። በዓለም ላይ እርሳስ ያለበትን የመኪና ቤንዚን መሸጥ በመጨረሻ ያቆመችው አልጄሪያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2021።

ያገለገለ ዘይት የት ልድፋው?

የትም። አንድ ሊትር የተቃጠለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ሊትር የመጠጥ ውኃ ሊበክል ይችላል። ቦይ፣ አፈር፣ ሽንት ቤት፣ ሁሉም አይሆንም። «አቧራ ይይዛል» ብለው መንገድ ላይ የሚረጩም አሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ወዴት እንደሚሄድ አስቡት። ክዳን ባለው ጄሪካን አጠራቅማችሁ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ። ከውኃም ከቤንዚንም ጋር አትቀላቅሉት፣ ከተቀላቀለ እንደገና ማጣራቱ ይከብዳል። አሮጌ ባትሪም እንደዚሁ፤ ውስጡ እርሳስና አሲድ ነው፣ ግን ከሞላ ጎደል እንደገና ይሠራበታል።

ውድ ነዳጅና የነዳጅ መጨመሪያ ፈሳሾች ይጠቅማሉ?

የመኪናው መመሪያ ከፍተኛ ኦክቴን ካልጠየቀ አይጠቅምም። «20 በመቶ ይቆጥባል» በሚል ብልቃጥ አልማረክም። ነዳጅ ስትቀዱ ግን ማሽኑ ቀጭ ሲል ይብቃ በሉ። ቀጂው ጨምቆ ጨምቆ ሲሞላ ተኑ ያመልጣል።

ናፍጣ ወይስ ቤንዚን?

ናፍጣ በኪሎ ሜትር የሚፈጀው ሊትር ያንሳል። ጭሱ ግን ለሳንባ ይከፋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ጋር በአንደኛ ምድብ መድቦታል። አዳዲሶቹ ናፍጣዎች ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው የያዘውን ጥላሸት አቃጥሎ ራሱን የሚያጸዳው ግን ረዘም ባለ ጉዞ በደንብ ሲግል ነው። አጭር አጭር ብቻ የሚነዳ ሰው ይደፈንበታል። ሥራችሁ ከተማ ውስጥ መመላለስ ከሆነ ናፍጣ ባትገዙ ይሻላል።

የኤሌክትሪክ መኪናስ? በእርግጥ ንጹሕ ነው?

ከነዳጅ መኪና ይሻላል፤ «ንጹሕ» ግን አልለውም። ከቤንዚን ጉልበት ጎማው ጋ የሚደርሰው አንድ አራተኛ ገደማ ነው፣ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ከኤሌክትሪኩ ግን ከሦስት አራተኛ በላይ ይደርሳል። ፍሬን ሲይዝ እንኳ ጉልበቱን ወደ ባትሪው ይመልሳል። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ችግርም የለበትም፤ የሚሞቅ ቆርቆሮ የለውማ።

ባትሪውን መሥራት ግን ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ ከፋብሪካ ሲወጣ ከቤንዚን መኪና የበለጠ ዕዳ ይዞ ይወጣል። ዕዳውን የሚከፍለው እየተነዳ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ከውኃ፣ ከንፋስ ወይም ከፀሐይ ከሆነ ቶሎ፣ ከድንጋይ ከሰል ከሆነ ዘግይቶ።

ጎማውም ያው ጎማ ነው፤ መኪናው ስለሚከብድ እንዲያውም ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ኮሆ የሚባሉ የሳልሞን ዓሦች ከዝናብ በኋላ በጅምላ ይሞቱ ነበር፣ ለዓመታት ምክንያቱ አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ2020 ተመራማሪዎች ገዳዩን ለዩት። ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ ከሚጨመር ኬሚካል የሚፈጠር ነገር ነበር፤ ዝናብ ከመንገድ ጠርጎ ወንዝ የከተተው።

ያገኘሁትን ለውጥ እንዴት ልለካ?

በደብተር። ማሽኑ ቀጭ እስኪል ሙሉና ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና ቀጭ እስኪል ሙሉ። 410 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 38 ሊትር ከገባ፣ 38ን ለ410 አካፍላችሁ በ100 ስታባዙ 9.3 ይመጣል። በ100 ኪሎ ሜትር 9.3 ሊትር ማለት ነው። ቤንዚን ከሆነ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 213 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ። አንድ ሙሌት ብቻውን ያታልላል፤ የሦስት የአራቱን አማካይ ያዙ።

ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ጊዜ ቁጥሬ ያለ ምክንያት በአንድ ሊትር ጨመረ። ንፋሱን ለካሁ፣ ደህና ነው። መንገዴ አልተለወጠም። አንድ ቀን መኪናዋን አቁሜ ስወርድ ከቀኝ የኋላ ጎማ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። እጄን ወደ ቸርኬው ሳስጠጋ ወላፈኑ መለሰኝ፤ የሌሎቹ ሦስቱ ለብ ያሉ ናቸው። ፍሬኑ አልለቅ ብሎ ነበር። ለሳምንታት ፍሬን ይዤ ስነዳ ከርሜያለሁ። መካኒኩ ፈትቶ አጸዳው፤ በሁለተኛው ሙሌት ቁጥሩ ወደ ቦታው ተመለሰ።